ሐዲዱም፣ ሽቦውም፣ ገመዱም ይሻገር

ከአዋዳይ የተጫነ ጫት በዚያው ዕለት ጅቡቲ ይደርሳል፤ በቶጎ ውጫሌ በኩል ያለፈውም ሐርጌሳ ገበያ ላይ ይዘረጋል። ኬላው ያውቀዋል፤ ፈታሹ ያውቀዋል፤ ገዢው ሰዓቱን ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ለአንድ የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ የታዘዘ መለዋወጫ ግን በዚያው አስፋልት ሲመጣ ሰነድ ጎደለው፣ ማኅተሙ ደበዘዘ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባለ ሳምንታት ይቆማል። መንገዱ አንድ ነው። ጫቱ እንዲያልፍ ሁሉም ተስማምቷል፤ ፓምፑ እንዲያልፍ የተስማማ ሰው የለም።

እኛ ለዚህ ስምምነት የተነሣን ሰዎች ነን። በመካከላችን ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ፣ ትራንዚት የሚሠሩ፣ ኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ሌሊት ተረኛ የሚሆኑ፣ ፋይበር የሚቀጥሉ፣ ሞያሌና መተማ ላይ የሚነግዱ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አሉ። የምንጠይቀውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ የአፍሪካ ቀንድና የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሐዲዳቸውን፣ የኤሌክትሪክ መስመራቸውንና የቴሌኮም ገመዳቸውን አብረው ያቅዱ፣ ድንበር ላይ ያጋጥሙ፣ በጋራም ይጠብቁ።

የወንድማማችነት ንግግር ለመጨመር አልመጣንም። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተበት ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ ስለ መተሳሰር ያልተባለ ነገር የለም። እኛ የምናወራው ስለ ብሎን፣ ስለ ቮልት፣ ስለ ታሪፍና ስለ ውል ነው።

ምኒልክ የጠየቁት ጥያቄ

በ1886 ዓ.ም. ሁለት ነገር ተጀመረ። ዳግማዊ ምኒልክ ከጅቡቲ የሚነሣ የባቡር መስመር እንዲሠራ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። በዚያው ዓመት ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው፣ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የስልክ መስመር ዝርጋታ ተጀመረ። መጓጓዣና መገናኛ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ሐሳብ ታቀዱ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ዓይነት ዘመን አላየንም።

ሐዲዱ ጅቡቲ ላይ በ1890 ተጀምሮ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909። ከፈቃዱ እስከ ፍጻሜው 23 ዓመት ፈጀ። መዘግየቱን ሁሉ በበረሃና በገደል ማሳበብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ገንዘብ የጎደለውን ኩባንያ በእጁ ሲያስገባ ምኒልክ ሐዲዱ የማን እንደሚሆን መጠየቅ ግድ ሆነባቸው፤ ከድሬዳዋ በላይ ያለውም ሥራ ለዓመታት ቆመ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ድንበር የሚሻገር መስመር ባለቤቱ፣ ታሪፉና ዳኛው ካልታወቀ የሚሠራው ሰው እንኳ ልቡ ይሸሻል። ዛሬ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ነው። ይህ በጽሑፍ የሰፈረ የጋራ ባለቤትነት ከሐዲዱ ከራሱ ያላነሰ ዋጋ አለው እንላለን።

በዚያ በቅኝ ግዛት ዘመን የአካባቢያችን ሐዲዶች አብዛኞቹ ከወደብ ተነሥተው ወደ መሐል አገር የሚገቡ ነበሩ። እርስ በርስ ይገናኙ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የሐዲዱ ስፋት ራሱ ይመሰክራል። የጅቡቲው 1,000 ሚሊ ሜትር፣ የኤርትራው 950፣ የሱዳኑ 1,067። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም። ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላም ስፋቶቹ ቀሩ፤ አንድ እናድርጋቸው ብሎ በርትቶ የሠራበት መንግሥትም አልታየም።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ከሞምባሳ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢም ወደ ናይቫሻ አቅጣጫ 120 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የኬንያው አዲስ ሐዲድም ስፋቱ ያው ነው። በመጨረሻ ስፋቱ ተስማማ። አሁን ካርታውን ዘርጉና አንድ ቦታ ላይ ጣታችሁን አድርጉ፦ ሱስዋ። የኬንያው አዲስ ሐዲድ የሚያበቃው ሱስዋ ነው። ከወላይታ ሶዶ የሚነሣው የኤሌክትሪክ መስመርም የሚያርፈው ሱስዋ ነው። ኃይሉ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚያ ሲደርስ፣ እዚያ የሚደርሰው ባቡር የሚነዳው በናፍጣ ነው! የእኛው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ እየሄደ፣ ኤሌክትሪካችን በደረሰበት በዚያ ሜዳ ናፍጣ ይጨሳል። ሐዲዱን ያበደረችው ቻይና ናት፤ የኤሌክትሪኩን መስመር በዋናነት ያበደሩት የአፍሪካ ልማት ባንክና የዓለም ባንክ ናቸው። ሁለቱም ሥራቸውን ጨርሰዋል። ሁለቱን አብሮ ያየ ጠረጴዛ ግን አልነበረም። ይህ እንቅስቃሴ የሚፈልገው ያንን ጠረጴዛ ነው።

ከማማው ሥር ያለው ጨለማ

ስለ ኤሌክትሪኩ ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ ትልቁ ተስፋም ትልቁ በደልም ያለው እዚህ ነው።

ከወላይታ ሶዶ ሱስዋ ያለው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ ነው። 2,000 ሜጋ ዋት ማሳለፍ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ሽያጩ ሲጀመር፣ ኢትዮጵያና ኬንያ በተፈራረሙት የ25 ዓመት ውል መሠረት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሚያልፈው 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 እንዲሆን ነበር። ባለ አሥር ክፍል ቤት ሠርቶ በአንዷ ክፍል እንደ መኖር ነው፤ ሁለት ክፍል ብንጠቀም እንኳ ስምንቱ ባዶ ናቸው። በሌላ በኩል ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ማመንጫው አለ፤ መስመሩ አለ፤ ፈላጊው አለ። የጎደለው በመካከላቸው ያለው የንግድ ሥርዓት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት የተመሠረተው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈው አሁንም ኃይል የሚሸጠው በአብዛኛው አገር ከአገር ለየብቻ በሚፈራረመው ውል ነው። ናይሮቢ የሚተርፋትን ለዳሬሰላም፣ ጅቡቲ የሚተርፋትን ለአዲስ አበባ በየሰዓቱ የምትሸጥበት ገበያ ይቋቋም።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም የዝናቡን ነገር ያየ ይረዳዋል። የእኛ ግድቦች የሚሞሉት በክረምት ነው። የኬንያ ዝናብ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ አንዴ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌላ ጊዜ ይመጣል። ኬንያ ውስጥ ኦልካሪያ ላይ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ክረምት ከበጋ አይልም፤ ናይሮቢ ስትተኛ ግን ገዢ ያጣል። የቱርካና ነፋስ ደግሞ የሚበረታው ሌሊት ነው። መስመሩ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሥራት ይችላል። በድርቅ ዓመት የኬንያ እንፋሎትና ነፋስ ሌሊት ሌሊት ወደ ሰሜን ቢመጣ የእኛ ውኃ ግድቡ ውስጥ ይቆይልናል፤ በማግሥቱ ምሽት ኬንያ መብራቷን ስታበራ መልሰን እንሰጣታለን። ጅቡቲም እንዲሁ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከእኛ ኃይል ትገዛለች፤ በ2023 ደግሞ ጉቤት ላይ 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ ከፍታለች። ሁልጊዜ ሻጭ እኛ፣ ሁልጊዜ ገዢ ጎረቤት የሚሆንበትን ሥርዓት አንፈልግም። እንዲያ ያለ ሥርዓት ጎረቤትን ያስፈራል፤ ሲያስፈራም ጎረቤት ሌላ መላ ይፈልጋል።

አሁን ወደ በደሉ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም። ታዲያ ለራሳችን ሳይበቃን ለሰው እንሸጣለን? የሚለው ጥያቄ በየሻይ ቤቱ ይነሣል፤ የሚጠይቀውን ሰው በንቀት የሚያልፉት ባለሙያዎችም አሉ። እኛ አናልፈውም። ኃይሉን ለገጠሩ ያላደረሰው የኬንያ ሽያጭ አይደለም፤ ማመንጫውን ከመንደር የሚያገናኘው ማከፋፈያ መስመር፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ የሚገዛበት ገንዘብ አለመኖሩ ነው። ከግድብ የሚወጣውን ሌሊት ሌሊት ፈላጊ የሌለውን ኃይል ባንሸጠው ለቦረና መንደር አይሄድም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ይህ መልስ እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ እውነት ነው። ከሽያጩ የሚገኘው ዶላር ወደ መንደሩ ትራንስፎርመር እንደሚሄድ የሚያስገድድ ሕግ እስካላወጣን ድረስ ጠያቂው ልክ ነው።

ከማማው ሥር ያለው ሰው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዲሲ መስመር እንደ ተራው መስመር በመንገዱ ላይ ለእያንዳንዱ መንደር አይቀነስም፤ ለመቀነስ እጅግ ውድ የሆነ መቀየሪያ ጣቢያ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቦረና እና በማርሳቢት የሚኖር አርብቶ አደር ከከብቶቹ ጋር በማማዎቹ መካከል እያለፈ ማታ ኩራዝ ያበራል። መሐንዲሱ ለምን እንደዚህ እንደሆነ ያውቃል፤ አርብቶ አደሩ ግን የማወቅ ግዴታ የለበትም። ማንኛውም ድንበር ተሻጋሪ መስመር ሲሠራ፣ በግራና ቀኙ ያሉ መንደሮች በፀሐይም ይሁን በሌላ መስመር መብራት የሚያገኙበት ሥራ በዋናው ፕሮጀክት በጀት ውስጥ ይግባ። በኋላ በሚመጣ በጎ አድራጎት አይሁን። የባቡሩም ነገር ያው ነው፦ በአፋርና በሶማሌ ሜዳ ግመልና ከብት በባቡር እየተገጨ ስለ ካሣ የሚከራከሩ ሰዎች መስመሩን እንደ ጠላት ቢያዩት ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። የከብት መሻገሪያው ከሐዲዱ ጋር አብሮ መነደፍ ነበረበት።

መተሳሰር የራሱ አደጋ አለው፤ ይህንንም አንደብቅም። ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሱስዋ ላይ ከቱርካና ነፋስ 288 ሜጋ ዋት ይዞ የነበረ መስመር ተቋረጠ። ተከትሎም ከኢትዮጵያ የሚመጣው 200 ሜጋ ዋት ወደቀ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኬንያ አብዛኛው ክፍል ጨለመ። ይህን አይቶ "መገናኘቱ ነው ያጠፋን" የሚል ይኖራል። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ስፔንና ፖርቱጋል ባንድ አፍታ ሲጨልሙ፣ መልሶ ለመነሣት ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ከፈረንሳይና ከሞሮኮ የሚመጣው መስመር ነበር። የተገናኘ መረብ አብሮ ሊወድቅ ይችላል፤ ብቻውን የወደቀ ግን የሚያነሣው ጎረቤት የለውም። ከዚያ ጳጉሜን የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው፦ የሶዶ ተረኛና የሱስዋ ተረኛ በስም ይተዋወቁ፤ በአንድ የሥራ ደንብ ይሠልጥኑ፤ አደጋ ሲደርስ ማን ምን እንደሚያጠፋና ምን እንደሚያበራ አስቀድሞ ተጽፎ በሁለቱም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ዓባይን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። ከኢትዮጵያ ሱዳን የሚሄድ የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ከግብፅ ሱዳን የሚሄድም አለ። ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው፤ በመሐል ያለችው ሱዳን ደግሞ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ትታመሳለች። ሆኖም ስለ ዓባይ የሚነገረው ሁሉ ስለ ውኃ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ይገርመናል። ብራዚልና ፓራጓይ በፓራና ወንዝ ላይ በድንበር ይጣሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ተፈራርመው የኢታይፑን ግድብ ሠሩ። ከ20ዎቹ ተርባይኖች ግማሾቹ በፓራጓይ 50 ኸርዝ፣ ግማሾቹ በብራዚል 60 ኸርዝ ይሠራሉ። በዋጋው ላይ ለአሥርት ዓመታት ተጨቃጭቀዋል፤ ፓራጓይ የተሻለ ክፍያ እንድታገኝ የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ጭቅጭቃቸው ግን የወንዝ ጭቅጭቅ መሆኑ ቀርቶ የሂሳብ ሆኗል። የካይሮ ፋብሪካ የኅዳሴ ግድብ ካለበት ከጉባ የሚመጣ ኃይል የሚገዛበት ቀን ቢመጣ የዓባይ ክርክር አያልቅም፤ ግን ሁለቱም ወገን የሚያጣው ነገር ይኖረዋል። ያ ለእኛ በቂ ምክንያት ነው።

የተቆረጠ ገመድ

የካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ ጥለዋት ወጡ፤ እሷም ከመስጠሟ በፊት መልሕቋን እየጎተተች በቀይ ባሕር ላይ ተንሳፈፈች። በዚያ መልሕቅ ሳይሆን አይቀርም፣ ሦስት የባሕር ውስጥ ገመዶች ተቆረጡ። ሦስት ወር ሳይሞላ በግንቦት መጀመሪያ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አቅራቢያ ሁለት ገመዶች ተበጠሱና ከኬንያ እስከ ታንዛኒያ ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ። ገመዱን በሰሜንም በደቡብም የሚጠብቀው የለም። መፍትሔው በባሕር የሚመጣው ሲበጠስ በየብስ የሚመጣ ሌላ መኖሩ ነው፤ ከጅቡቲ በኢትዮጵያ አልፎ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ የሚሄድ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ባሕር የሚወጣ።

እዚህ ላይ ሦስቱ መረቦች ለምን አብረው መታቀድ እንዳለባቸው በግልጽ ይታያል። በዘመኑ የከፍተኛ ኃይል ማማ ጫፍ ላይ ለመብረቅ መከላከያ የሚዘረጋው ሽቦ በውስጡ ፋይበር ይይዛል። ሐዲድ ሲዘረጋም ለምልክት መስጫው ፋይበር አብሮ ይቀበራል። አንድ ጊዜ የተቆፈረ መሬት፣ አንድ ጊዜ የተከፈለ ካሣ፣ አንድ ጊዜ የተገኘ ፈቃድ ለሦስቱም ይበቃል ማለት ነው። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን አንዱ ያደፈነውን ሌላው ከወር በኋላ ሲቆፍር የከተማው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ በከተማ የማይናበቡት በድንበር ይናበባሉ ብለን አንጠብቅም። ስለዚህ የሚያስገድዳቸው ሕግ እንጠይቃለን፦ ከድንበር 50 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ሐዲድ፣ አውራ ጎዳና ወይም የኃይል መስመር ለሌሎቹ መረቦች ቦታ ሳይተው ፈቃድ አያግኝ።

የቴሌኮም ጉዳይ ከቴክኒክ በላይ ነው። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ከ20 ዓመት በኋላ ስልክ ሲከፈት፣ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች የአስመራ ቁጥር በግምት እየደወሉ ከማያውቁት ሰው ጋር "እንዴት ናችሁ?" ይባባሉ ነበር። አባቱን ያገኘ አለ፤ እህቷን ያገኘች አለች። የአውሮፕላን በረራም ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በረራው ቆመ። የተከፈተ መስመር ሰላም አያመጣም፤ ያመጣል የሚሉ ጓዶቻችንን እንቃወማለን። ከሞዛምቢክ ካሆራ ባሳ ግድብ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው 1,400 ኪሎ ሜትር መስመር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተሠርቶ፣ በ1980ዎቹ ጦርነት ማማዎቹ በብዙ መቶ ወድቀው እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ያለ ሥራ ቆመ። መስመር የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፦ የጠብን ዋጋ ሁሉም ሰው በየቤቱ እንዲያውቀው ያደርጋል።

መንግሥታትም ዋጋውን ስለሚያውቁ መቁረጥን እንደ መሣሪያ ይዘውታል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ ባንክና መብራት በሕዝቡ ላይ ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በሱዳን ጦርነት ተፋላሚዎች የኔትወርክ ማዕከል ያዙና አገሩ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ከመስመር ወጣ። የራሱን ዜጋ መስመር የሚቆርጥ መንግሥት ለጎረቤቱ መስመር ዋስትና እሰጣለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ይህ እንቅስቃሴ በዚህ ነጥብ ላይ አይደራደርም። የሕዝብ መገናኛና የመብራት መስመር በጦርነትም በሰላምም እንደ ሆስፒታል ይቆጠር፤ ድንበር የሚሻገር የቴሌኮም ስምምነት ሁሉ ይህን አንቀጽ ይያዝ፤ አንቀጹን የጣሰ አገር ከጋራው ገበያ ይታገድ።

ሞያሌ ላይ

ሞያሌ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ነች። ሹፌሩ እስከ ድንበሩ በቀኝ ነድቶ ከድንበሩ በኋላ በግራ ይነዳል። የግድግዳው ሶኬት ይለያል፤ በውስጡ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ግን በሁለቱም ወገን 50 ኸርዝ ነው። ብርና ሽልንግ በእጅ ይመነዘራል። ኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የድንበር ጣቢያ መርቀውላታል፤ የአንዱ አገር ፈታሽ ከሌላው ጎን ተቀምጦ መኪናው አንዴ ብቻ እንዲቆም ነው ዓላማው። ይህ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ቺሩንዱ ላይ ሲጀመር ቀናት ይቆሙ የነበሩ ከባድ መኪኖች በሰዓታት ማለፍ ጀምረዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን ሕንፃ በሙሉ አቅሙ ማሠራት ነው።

አንዳንዱ ነገር እንዲያውም በእጃችን አለ። የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ቢጫ ካርድ የተባለው የመኪና መድን በአንድ አገር ተከፍሎ በሌላው ይሠራል፤ ሹፌሮች ያውቁታል፣ ሚኒስትሮች እምብዛም አያወሩለትም። ሴልቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ደንበኞቹ ያለ ሮሚንግ ክፍያ እንዲደዋወሉ አደረገ፤ ከስምንት ዓመት በኋላም ከምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል መንግሥታት አንዳንዶቹ የጥሪ ዋጋን በጋራ ገደቡ። ኩባንያ ሲፈልግ ይችላል፤ መንግሥት ሲፈልግ ይችላል። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚደወል ጥሪ የአገር ውስጥ ዋጋ ይኑረው። ሞያሌ ላይ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት በስልኳ ከወዲያኛው ወገን የሚላክላትን ገንዘብ በዚያው ቅጽበት፣ በይፋ የምንዛሪ ዋጋ ትቀበል።

የሉዓላዊነትን ጥያቄ የሚያነሡ ወንድሞቻችንን እንሰማለን። በሰው ወደብ፣ በሰው ገመድ መንጠልጠል አደጋ አለው፤ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከአሥሩ ዘጠኙ በጅቡቲ ማለፉ ማንንም ሊያሳስብ ይገባል። ግን አንድ በር መኖሩ የሚያሳስበን ከሆነ መልሱ በሮቹን ማብዛት ነው፦ ላሙ፣ በርበራ፣ ፖርት ሱዳን፣ አንድ ቀን ደግሞ አሰብ። በጎረቤት ላይ በማስፈራራት የተከፈተ በር በማግሥቱ ይዘጋል። የዕዳውን ጥያቄም እንሰማለን። የባቡሩ ብድር ዛሬም እየከበደን ነው። ስለዚህ የጭነቱ ብዛት ሳይረጋገጥ፣ ገዢው ሳይፈርም፣ ድንበሩ ሌሊት ሳይዘጋ መሥራቱ ሳይረጋገጥ አዲስ ቢሊዮን አትበደሩ እንላለን። በመጀመሪያ ያለውን እንሙላ። የሱስዋን መስመር ሁለት ሺህ ሜጋ ዋት ማድረስ አዲስ መስመር ከመዘርጋት ይቀድማል።

እኛ ራሳችን የምንሠራው ሥራ አለ። በየድንበር ጣቢያው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚቆም ሹፌሮቻችን ይመዘግባሉ፤ መዝገቡን በየወሩ ለሕዝብ እንለጥፋለን። የጅቡቲ፣ የኬንያ፣ የሱዳን፣ የሶማሊያና የኤርትራ ባለሙያዎችን በስም እንፈልጋለን፤ መንግሥታት ባይነጋገሩ እንኳ ተረኞች እንዲነጋገሩ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎቻችን ስዋሂሊና አረብኛ እንዲማሩ እንወተውታለን።

ከአንተና ከአንቺ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለምክር ቤት ተወካይህ፣ ለተወካይሽ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ደውሉላቸው፤ ወረዳ ሲመጡ ያዟቸው። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከጅቡቲና ከሱዳን ጋር የፈረመቻቸው የኃይል፣ የባቡርና የቴሌኮም ውሎች ሙሉ ጽሑፍ ታትሞ ይውጣ፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን መስመሩ በሚያልፍበት ሕዝብ ቋንቋ፣ በወላይትኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ። ዋጋው፣ ዘመኑ፣ የሚዳኘው ፍርድ ቤት፣ ከገቢው ለመስመሩ አካባቢ የሚደርሰው ድርሻ እዚያ ውስጥ ይነበብ። ድርሻ የሚባል አንቀጽ ከሌለ፣ በሚቀጥለው ድርድር እንዲገባ ጠይቁ።